ምድጃ ሠሪዋን ገዢ አታሳጧት

ለጎጃም ከተሞች አስተዳደሮች፣ በየመሥሪያ ቤቱ ለምትሠሩ የግዥ ባለሙያዎች፣ ለቤት አከራዮች፣ እንዲሁም በየሳምንቱ ገበያ ለምትወጡ ወገኖቼ ሁሉ፤

እንደምን ከረማችሁ?

ጊዜው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። ጠዋት የተጠየቀ ዋጋ ማታ አይገኝም። በዚህ መሃል ስለ ምድጃ፣ ስለ ዘንቢልና ስለ ኮምፖስት ደብዳቤ መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖራል። ግን አስቡት። መንገድ ሲዘጋ የሚጠፋው ከሩቅ የሚመጣው ዕቃ ነው። ጎረቤታችን የሚሠራው አይጠፋም። እኔም ብዕር ያነሳሁት ጊዜው ስለከበደ ነው።

የምለው አጭር ነው። አፈሩን፣ ዛፉንና የቤታችንን ጤና ሳይጎዱ ዕቃ የሚያመርቱ ሰዎች በየከተማችን አሉ። ስልጠና ወስደዋል። ምስክር ወረቀት ተቀብለዋል። ባዛር ላይ ቆመው ፎቶ ተነስተዋል፣ ተጨብጭቦላቸዋል። ያጡት ገዢ ነው። ባዛሩ ካለፈ በኋላም በየወሩ የሚመጣ ገዢ። ያንን ገዢ መሆን የምትችሉት ደግሞ እናንተ ናችሁ፤ መሥሪያ ቤቱም፣ እያንዳንዱ ቤትም።

ከኩሽና ልጀምር፤ ትልቁ ጉዳት ያለው እዚያ ነው። በአንድ ቤት ከሚነደው ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚበላው እንጀራ ነው። ምጣዱ ሰፊ ነው፤ በሦስቱ ጉልቻ መሃል የሚነደው እሳት አብዛኛው ሙቀቱ በጎን ያመልጣል። ጭሱን የምትጠጣው ጋጋሪዋ ናት። ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃንም አብሯት ይጠጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በቤት ውስጥ በሚፈጠር የአየር ብክለት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ወደ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። እኛ ግን የሕፃኑን ሳል «ብርድ መታው» እንላለን፣ የእናቱን ዓይን ማልቀስ ደግሞ «የጭስ ነው፣ ይተዋታል» እንላለን። አይተዋትም።

መፍትሔው ከባሕር ማዶ የሚመጣ አይደለም። «ምርጥ» የሚባለውን ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አንዲት ምድጃ ሠሪ ስትሠራው ቆሜ አይቻለሁ። መጀመሪያ የብረት ቅርጹን በዘይት ታብሰዋለች፣ ሲሚንቶው እንዳይጣበቅባት። ከዚያ ሲሚንቶና አሸዋውን ለውሳ ትሞላዋለች፣ በእንጨት ትጠቀጥቀዋለች፣ ፊቱን በመዳፏ ታስተካክለዋለች። ቅርጹን የምትነቅለው ትንፋሿን ይዛ ነው፤ ጠርዙ ከተሸረፈ ያ ቁራጭ አይሸጥም። አራቱ ቁራጮች ሲገጣጠሙ ምጣዱን ዙሪያውን ያቅፉታል። ከኋላ ሌሎች ሁለት ቁራጮች ይታከሉና የድስት ማስቀመጫ ይሆናሉ። ጭሱና ሙቀቱ በዚያ በኩል ሲወጣ ድስቱን አሙቆ ይወጣል። እንጀራው እየተጋገረ ሽሮው እዚያው ይንተከተካል።

ሥራው እዚህ ላይ አያልቅም። ቁራጮቹ ጥላ ሥር ሆነው፣ እርጥብ ጆንያ ለብሰው፣ ለቀናት ውሃ መጠጣት አለባቸው። ይህን የዘለለ ሠሪ ምድጃው ቶሎ ይሰነጠቅበታል። ያቺ ሴት ግን አትዘልም። ጀሪካን ተሸክማ ውሃ እየቀዳች ታጠጣዋለች። በደንብ የተሠራ «ምርጥ» ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ማገዶ በገንዘብ ለሚገዛ የከተማ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ምድጃው ዋጋውን ራሱ ይመልሳል።

ታዲያ ለምን አይሸጥላትም? ሁለት ምክንያት አያለሁ። አንደኛው ሲሚንቶ ስለተወደደ ምድጃውም ተወዷል፤ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ሰው ያንን ብር በአንድ ጊዜ ማውጣት ያቅተዋል። ሁለተኛው ብዙም የማይነገር ነው። አንድ ፕሮጀክት ይመጣና ምድጃ በነፃ ያድላል። ደግ ሥራ ነው፣ አልጠላውም። ግን ፕሮጀክቱ ከሄደ በኋላ ሰው ሁሉ «ይቆይ፣ በነፃ ይመጣል» ብሎ ይቀመጣል። ምድጃ ሠሪዋ ያመረተችውን ታቅፋ ትቀራለች። በዓመቱ ቅርጹን ሸጣ ሌላ ሥራ ትፈልጋለች። ቀጣዩ ፕሮጀክት ሲመጣ ደግሞ ከሌላ ቦታ አስጭኖ ያመጣል። እባካችሁ፣ ድጋፍ የምታስተባብሩ ሁሉ፣ ከተቻለ በነፃ ከማደል ዋጋውን ደግፉ። ግማሹን ቤተሰቡ ይክፈል፣ ግማሹን እናንተ ክፈሉ። ምድጃውም የሚገዛው እዚያው ከተማ ካለች ሠሪ ይሁን። ሰው ገንዘቡን ያወጣበትን ዕቃ ይንከባከባል፣ ሠሪዋም ሥራዋ ላይ ትቆያለች።

ለእኛ ለነዋሪዎች ደግሞ እቁብ አለን። ሴቶች ለድስትና ለብርድ ልብስ እቁብ ይጥላሉ። ለምድጃስ ለምን አይጣልም? ዕጣ የደረሳት ወይዘሮ በዚያ ሳምንት ምድጃዋን ትወስዳለች፤ ሠሪዋም ስንት እንደምታመርት አስቀድማ ታውቃለች። ሲሚንቶውን በአንድ ጊዜ ስለምትገዛ ዋጋም ትቀንሳለች። ከባንክ ደጅ መጥናት የለበትም።

ትልቁ ገዢ ግን መሥሪያ ቤት ነው። ተማሪ የሚመግቡ ትምህርት ቤቶች፣ ማረሚያ ቤቶች፣ የዩኒቨርሲቲ ካፌዎች በየቀኑ የሚያነዱት እንጨት ብዙ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሙሉ በሙሉ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ቢተከልለት፣ ለአንድ ትንሽ ማኅበር የወራት ሥራ ይሆናል። እዚያ የሚያበስሉት እናቶችም ሰው ናቸው። ቀኑን ሙሉ ጭስ ውስጥ ነው የሚውሉት።

አሁን ለአከራዮች አንድ ቃል ልበል። በከተሞቻችን ብዙ ሰው የሚኖረው በኪራይ ነው። አከራዩ «በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር አይቻልም» ይላል፣ የመብራት ክፍያው ስለሚንር። እሺ፣ ገባኝ። ግን ተከራይዋ ታዲያ ምን ታድርግ? መኝታዋ አጠገብ ባለች መስኮት አልባ ጠባብ ክፍል ውስጥ እንጨት ታነዳለች። ወይ ቆጣሪ ተካፈሉ፣ ወይ ጭስ መውጫ ያለው የጋራ ማብሰያ ሥሩ። አንድ ቆርቆሮ ከፍ አድርጎ ክፍተት መተው ብዙ ወጪ የለውም። ቤት የምታከራዩ ሰዎች የብዙ ሕፃናት ሳንባ በእጃችሁ ነው።

ከሰሉንም ሳላነሳ አላልፍም። ደብረ ማርቆስ ደጋ ናት፤ ክረምት ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሰው ማንደጃውን ይዞ መኝታ ቤት ይገባል፣ በሩን ይዘጋል። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ሰው ሳያውቀው ይገድላል። ማንደጃ ደጅ ይቀጣጠል፤ ቤት ከገባም መስኮት ይከፈትለት። እንቅልፍ ሲመጣ ደግሞ ይውጣ። ሌላው ክፉ ልማድ ከሰሉን ለማቀጣጠል ፌስታል መለኮስ ነው። ያ ጥቁር ጭስ በቀጥታ ወደ ሳንባ ነው የሚገባው። ደረቅ ሣርና ጭራሮ እያለን ፌስታል ማንደድ ምን አመጣው? ማንደጃ ስትገዙም ተራውን ቆርቆሮ ትታችሁ ውስጡ ሸክላ ያለውን «ላቀች» ፈልጉ። ሙቀት ስለሚይዝ ከሰል ይቆጥባል። ደግሞም አንዱን ማንደጃ ስትገዙ ሁለት ባለሙያ ነው የምታሠሩት፤ ቆርቆሮውን የሚቀጠቅጠውንና ሸክላውን የምትሠራውን።

ሸክላ ካልኩ አይቀር ይህን ልጨምር። ሸክላ ሠሪዎቻችን፣ ቀጥቃጮቻችንና ሸማኔዎቻችን በእኛው አገር ስንት ስድብ ሰምተዋል! በጀበናዋ ቡና እየጠጣን፣ በምጣዷ እንጀራ እየበላን፣ እሷን ግን በክፉ ስም ስንጠራ ኖረናል። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው። ዛሬም ግን ልጇ ትምህርት ቤት የእናቱን ሥራ የሚደብቅባት ሸክላ ሠሪ አለች። ስለ አረንጓዴ ሥራ ስናወራ ከሁሉ በፊት እነዚህን ሰዎች ማክበር አለብን። አፈር፣ ውሃና እሳት ብቻ ይዘው ከማንም ቀድመው የጀመሩት እነሱ ናቸው።

ከሰሉ ከየት ይመጣል ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ሁሉም ከሰል አንድ አይደለም። በአዊ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዝርያ እንደ ሰብል ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ይዘራል። ከዚያ መሃሉ የሚበቅለውን ሣር ለከብት ያጭዳል። በ4 ወይም በ5 ዓመት ቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ከሰል ያወጣል፣ መልሶም ይተክላል። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ገብስ እምቢ ያለው መሬት በዚህ መንገድ ለብዙ ቤት እንጀራ ሆኗል። ወረዳው ዛፍ በዛፍ የሆነውም በገበሬው ፍላጎት ነው። እርግጥ በአንድ ዛፍ ብቻ መተማመን አደጋ አለው። በቅርብ ዓመታት ዛፉን የሚያጠቃ የዝገት በሽታ ገብቶ ገበሬውን አስጨንቋል። ሌላ ዛፍም መቀላቀል ያስፈልጋል። ያም ሆኖ ተተክሎ የተቆረጠ ከሰልና ከአገር በቀል ጫካ በሌሊት ተቆርጦ የሚጫን ከሰል አንድ ዋጋ ሊያወጡ አይገባም። ከተሞች ለዚህ መላ ሊፈጥሩ ይችላሉ። ጆንያው ላይ የወረዳው ምልክት ይለጠፍ፤ ገዢው አይቶ ይምረጥ።

ከእንጨቱ የባሰው ኩበቱ ነው። እንጨት ሲያልቅ ኩበት ይነዳል። ማሳ ላይ መውደቅ የነበረበት ፍግ በምድጃ ያልቃል። ከዚያ አፈሩ ይሳሳል፣ ዝናቡ ይጠርገዋል። ከጮቄ ተራራ የሚነሱት ወንዞች ክረምት ላይ ቀልተው የሚወርዱት ያንን አፈር ይዘው ነው፤ መድረሻቸው ዓባይ ነው። አንድ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ እዚህ ድረስ ይነካል። ቢያንስ 4 ከብት ላለው የከተማ ዳር ቤተሰብ ደግሞ ባዮጋዝ አለ። የብሔራዊ ባዮጋዝ ፕሮግራሙ ሲጀመር አማራ ክልል ከመጀመሪያዎቹ አራት ክልሎች አንዱ ነበር፤ ጉድጓዱን የሚገነቡ ግንበኞችም ሠልጥነው ነበር። እበቱ ጋዝ ይሰጣል፣ ተረፉ ደግሞ ምርጥ ማዳበሪያ ነው። ሆኖም ቫልቭ ወይም ቱቦ ተበላሽቶበት፣ ጠጋኝ አጥቶ ቆሞ የቀረ ባዮጋዝ በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ሁሉ ድካም በአንድ ትንሽ ዕቃ ይቆማል። ጥገናውን ሥራቸው የሚያደርጉ ሁለት ሦስት ወጣቶች በየከተማው ቢደራጁ ደንበኛ አያጡም።

ወደ ገበያው እንውጣ። ፌስታል ሕግ ካጣ አይደለም የበዛው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ፌስታልን ከልክሏል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የበለጠ ጠንካራ ክልከላ አጽድቋል። ሕጉ አለ። ገበያ መግቢያው ላይ ግን በፌስታሉ ፋንታ የሚያዝ ነገር የለም። አስተዳደሮች ሆይ፣ ክልከላውን ከማስፈጸማችሁ በፊት ልብስ ሰፊዎችን ጥሩ። ቁርጥራጭ ጨርቅ አላቸው፣ መኪና አላቸው፣ ጊዜም አላቸው። የገበያው በር ላይ ለጨርቅ ከረጢትና ለዘንቢል ሻጮች ከግብር ነፃ የሆነች አንዲት ሜትር ቦታ ስጧቸው። ሰው የሚይዘው ካገኘ ፌስታል አይናፍቀውም። እናቶቻችን ዘንቢል ይዘው ገበያ ሲወጡ ያፈሩበት ቀን አልነበረም። በየቆሻሻ መጣያው ፌስታል ሲያኝኩ የሚውሉት በጎችና ላሞችም የሰው ሀብት ናቸው፤ ሆዳቸው በፕላስቲክ ተሞልቶ የሚሞቱት።

ስለ ስፌት አንድ የታዘብኩትን ልንገራችሁ። መሶብና ሰፌድ የሚሰፋው በስንደዶና በአክርማ ነበር። አሁን አንዳንድ ሰፊዎች ከማዳበሪያ ጆንያ ክር እየመዘዙ ይሰፋሉ። ምክንያቱን ስጠይቅ መልሱ ቀላል ነበር፤ ስንደዶ የሚበቅልበት የግጦሽ መሬት ታርሷል፣ የተገኘውም ውድ ነው። ስለዚህ የእጅ ሥራውን ማዳን ከፈለግን ሣሩንም ማዳን አለብን። በየቀበሌው የተከለለ ተዳፋት መሬት አለ። እርከኑ ላይ ስንደዶና አክርማ ቢተከል አፈሩን ይይዛል፣ ለሴቶቹም ጥሬ ዕቃ ይሆናል። ለአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ከዛፍ ጎን ይህ ሣርም ቢታሰብበት ምን ይጎዳል?

በእንጅባራ መንገድ ያለፈ ሰው የቀርከሃ ወንበሩን፣ ጠረጴዛውንና መደርደሪያውን ዳር ላይ ተደርድሮ አይቷል። ቀርከሃ በ3 ዓመቱ ለሥራ ይደርሳል፤ የደረሰውን እየመረጡ ከቆረጡት ሥሩ አይሞትም፣ እንደገና ያበቅላል። ለቤት ዕቃ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ገዢዎች «ነቀዝ ይበላዋል» ይላሉ፣ እውነት አላቸው። ያልታከመ ቀርከሃ ይነቅዛል። የታከመው ግን ይቆያል። የማከሚያ ገንዳና ኬሚካል ለአንድ ሰው ይከብዳል፤ ለማኅበር ግን አይከብድም። ከተማው አንድ የጋራ ማከሚያ ቢሠራ የሁሉም ዕቃ ዋጋ ከፍ ይላል። ከዚያ የቀበሌ መሰብሰቢያ አዳራሽ፣ የጤና ጣቢያ መጠበቂያ፣ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ለምን በቀርከሃ አይሟሉም?

እዚህ ላይ የግዥ ባለሙያዎችን በቀጥታ ላናግራችሁ። ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ቅድሚያ የሚሰጥ አሠራር በአገሪቱ አለ። ችግሩ ያለው ስፔሲፊኬሽኑ ሲጻፍ ነው። «ወንበር» ተብሎ ሲጻፍ ከውጭ የሚመጣው ወንበር ልኩ፣ ቀለሙ፣ እግሩ ሳይቀር ይዘረዘራል። የቀርከሃው ባለሙያ ገና ሰነዱን ሳይገዛ ወድቋል። ቀጥሎ የጨረታ ማስከበሪያ አለ። ከዚያ ደግሞ ክፍያው። አንድ አናጢ የማውቀው አለ፤ ዕቃውን በጊዜው አስረክቦ ገንዘቡን ለማግኘት ብዙ ወር ተመላልሷል። ያ ወር ለትልቅ ነጋዴ ምንም አይደለም። ለአናጢው ግን የቤት ኪራይና የልጅ ደብተር ነው። በሁለተኛው ዓመት ጨረታው ሲወጣ «አልገባም» አለ። ትክክል ነው፣ እኔም ብሆን አልገባም። ስለዚህ የምለምናችሁ እነዚህን ነው። አገልግሎቱን ግለጹ እንጂ ዕቃውን አታጥሩት። ግዥውን በትንንሹ ከፋፍሉት። ቅድመ ክፍያ ስጡ፣ ቀሪውንም ዕቃው በገባ ሰሞን ክፈሉ።

የቤት ቆሻሻውም ገንዘብ ነው። ከቤታችን የሚወጣው አብዛኛው ልጣጭ፣ አመድ፣ የቡና አተላና የጎመን ቅጠል ነው። በጋሪ የሚሰበስቡት ወጣቶች ከፌስታልና ከጠርሙስ ጋር ተደባልቆ ስለሚያገኙት ምንም አያደርጉበትም፤ ወስደው ይደፉታል። እያንዳንዱ ቤት ሁለት ጆንያ ብቻ ቢይዝ፣ አንዱን ለሚበሰብስ፣ ሌላውን ለማይበሰብስ፣ እነዚያ ልጆች ኮምፖስት አምራች ይሆናሉ። ገዢ አላቸው ወይ? አላቸው፤ የከተማው ችግኝ ጣቢያና የመንገድ ዳር አትክልት አፈር ይፈልጋል። ከተማው ከገበሬ ማሳ ለም አፈር አስጭኖ ከማምጣት የራሱን ልጆች ኮምፖስት ይግዛ። ጓሮ ያላችሁም ለጎመንና ለቀይ ሥር ተጠቀሙበት። ጓሮ የሌላችሁ በተቀደደ ጀሪካን ሰላጣ ማብቀል ይቻላል፤ ፀሐይ የሚያገኝ ደጃፍ ይበቃል።

እድሮቻችን ይህን ሁሉ ከእኛ በፊት ያውቁት ነበር። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ ሳህኑና ብርጭቆው የጋራ ነው፤ ታጥቦ ይመለሳል፣ ለሌላው ያገለግላል። አሁን አሁን ለቅሶና ሠርግ ላይ የሚጣል ሳህንና የሃይላንድ ውሃ ተራራ ሆኗል። ከማጠብ ይቀላል ይባላል። ሁለት ሴቶችን ከፍሎ ሳህን ማሳጠብ ለእነሱም ሥራ ነው። እድሮች፣ የጋራ ዕቃችሁን አትሽጡ።

ስለ ምግቡና ልብሱ አጭር ልበል። ኑግ የጎጃም ነው፣ ጨማቂዎቹም አሉ። ማሩ የጎጃም ነው። ጋቢና ቡሉኮው በእጅ ተፈትሎ በእጅ ተሸምኗል፤ ሲያረጅ አፈር ይሆናል እንጂ እንደ ናይለን ብርድ ልብስ መቶ ዓመት አይኖርም። ነጭ ልብስ በእንዶድ ማጠብ የሚያውቁ እናቶች ገና አሉ። ያ እንዶድ ነው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል የደረሱበት። ዓለም የሸለማቸው በጓሯችን ባለ ተክል ነው።

ለአምራቾቹም ዝም ብዬ አላልፍም፤ ስለምወዳችሁ ነው። ማር ላይ ስኳር የሚጨምር አንድ ሰው የመቶ ሐቀኛ ንብ አናቢ ገበያ ያበላሻል። ውሃ ያልጠጣ ምድጃ የሸጠም እንዲሁ። «የአገር ምርት ነውና ቻሉት» አይሠራም። ደረሰኝ ስጡ፣ ስልካችሁን ዕቃው ላይ ጻፉ፣ የተሰነጠቀውን ቀይሩ። ማኅበር ሆናችሁ አንድ የጋራ መሸጫ ክፈቱ፤ ሰው ስንደዶ መሶብ ሲፈልግ ወዴት እንደሚሄድ ይወቅ። አሁን እኮ ገዢው በቴሌብር ልኮ በባጃጅ ያስመጣል። የሚያገኛችሁ ግን በስም ሲያውቃችሁ ነው።

በመጨረሻ ወደ አስተዳደሮቹ ልመለስ። አዲሱ የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። የግዥ ዕቅድ ከዚያ በፊት ይዘጋጃል፤ ዕቅድ ውስጥ ያልገባ ነገር ደግሞ «ለከርሞ» እንደሚባል እናውቃለን። ስለዚህ የምጠይቀው ከዕቅዱ በፊት እንድትሰሙኝ ነው። በየከተማችሁ ያሉ ምድጃ ሠሪዎችን፣ ሸክላ ሠሪዎችን፣ ቀርከሃ ባለሙያዎችን፣ ሰፊዎችንና ኮምፖስት አምራቾችን መዝግቡ። በዓመት ምን ያህል ማምረት እንደሚችሉ ጠይቁ። ከዚያ የትምህርት ቤት ምድጃውን፣ የመሰብሰቢያ ወንበሩንና የችግኝ ጣቢያ አፈሩን ከዝርዝሩ ላይ ምረጡ። በሙሉ በአንድ ዓመት ይሁን አልልም። አንድ ዕቃ፣ አንድ መሥሪያ ቤት፣ በጊዜው የተከፈለ አንድ ክፍያ ይበቃል ለመጀመሪያ።

ከከተሞቹ አንዱ እንኳ «እኛ እንሞክራለን» ካለ፣ በደብረ ማርቆስ የማውቃቸውን አምራቾች ይዤ፣ የዋጋ ዝርዝራቸውን አስጽፌ ለመምጣት ዝግጁ ነኝ። ምድጃ ሠሪዋም ናሙና ይዛ እንደምትመጣ ነግራኛለች። የቀጠሮውን ቀን ብቻ አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የደብረ ማርቆስ ነዋሪ